የኤልፍነሽ ጉድጓዶች

ኤልፍነሽን አሥራ አምስት ዓመት አውቃታለሁ። ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ውስጥ ጎረቤታሞች ነን፤ የምንሄደውም አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ ባዩ እባላለሁ፣ ታክሲ ነጂ ነኝ። እሷ ቱይስዞርኽ ትሠራለች፤ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። አገር ቤት ሳለች ምን ትሠራ እንደነበር ግን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። እዚህ አገር ስንኖር እንደዚያ እንሆናለን፤ የሰውን ዕድሜ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ካረፈበት ቀን ጀምሮ እንቆጥራለን።

የጠየቋት ከምትንከባከባቸው ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሜነር (አቶ እንደ ማለት ነው) ሌንደርት ናቸው።

ሜነር ሌንደርት ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከዴን ሃግ ወጣ ብሎ፣ ሎስዳውነንን አልፎ ወደ ባሕሩ ሲሄዱ ይገኛል። አያታቸውም አባታቸውም በመስታወት ቤት ውስጥ ወይን እያለሙ የኖሩ አትክልተኞች ነበሩ። ኋላ ወይኑ ከደቡብ አገር በርካሽ መምጣት ሲጀምር የመስታወት ቤቶቹ ለቲማቲም ተለቀቁ። እሳቸውም ዕድሜያቸውን በቲማቲም ገፉ። ጡረታ ሲወጡ ግን ከቤታቸው ጀርባ፣ በገላጣው መሬት ላይ፣ ሦስት መቶ የወይን ተክል ተከሉ። ሶላሪስ የሚባል፣ ብርድ የሚችልና ቶሎ የሚደርስ ነጭ ወይን ነው።

ኤልፍነሽ በሳምንት አራት ቀን ወደ እሳቸው ትሄድ ነበር። ከሮተርዳም በሜትሮ ዴን ሃግ፣ ከዚያ በሁለት ቁጥር ትራም እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ ከዚያ በብስክሌት። ሥራዋ ጠዋት እግራቸው እንዳያብጥ ጠባቡን ረጅም ካልሲ ማልበስ፣ ማጠብ፣ ቁርስ ማቅረብ ነው። በመስከረም 2016 ወይኑ በሚለቀምበት ሰሞን፣ ለቀማውን ማየት እፈልጋለሁ ስላሉ፣ በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋች ወደ ማሳው ወሰደቻቸው። እሳቸው ለቃሚዎቹን ሲያዩ እሷ ጎንበስ ብላ ጭብጥ አፈር አነሳች። ምራቅ ጠብ አደረገችበትና በሁለት መዳፏ መሐል አሽታ ማሾር ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሏት።

«ምንም። ሸክላ ይኖረው እንደሆነ ብዬ ነው።»

«በምራቅ ይታወቃል?»

«ሸክላ ካለው እየተጠቀለለ እንደ ትል ይረዝማል። ይሄ ይፈረካከሳል፤ ንጹሕ አሸዋ ነው። እዚያ በስተ ምሥራቅ ያለው ግን ቅድም ስሞክረው ትንሽ ያዘ።»

«ይሄን የት ተማርሽ?» አሉ።

ኤልፍነሽ ያኔ ነገረቻቸው። አምቦ እርሻ ኮሌጅ ገብታ በዲፕሎማ ተመርቃለች። ከዚያ ስምንት ዓመት ዝዋይ አካባቢ ከአፈር ጥናት ቡድን ጋር ሠርታለች። ቡድኑ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ እሷ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ከላይ እስከ ታች የአፈሩን ቀለምና ድርብርብ ትመዘግባለች፣ ናሙና ትወስዳለች፣ ላቦራቶሪ ታስገባለች። በ1992 ባሏ በፖለቲካ ሲታሰር ሕፃን ልጇን ይዛ ወጣች። እዚህ ስትደርስ ዲፕሎማዋ ታየና ከዚህ አገር ትምህርት ጋር አይመጣጠንም ተባለ። ቋንቋ ተማረች፣ የአረጋውያን እንክብካቤ ኮርስ ወሰደች፣ በቃ። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው። ይዛው የመጣችው ልጅ እዚህ በደረሱ በዓመቱ በሕመም ስለሞተባት፣ አሁን ያለቻት እዚህ የወለደቻት ዮሃና ብቻ ናት።

ሜነር ሌንደርት አጽናኝ ነገር ለመናገር አልሞከሩም። «እንግዲያው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ዘጠኝ ዓመት የጠየቅሁት ነው» አሉ።

ቤት ሲመለሱ ሁለት ጠርሙስ አስወጧት። አንዱ ላይ በጠመኔ ምዕራብ፣ ሌላው ላይ ምሥራቅ የሚል ምልክት አለ። ሁለቱም ካለፈው ዓመት ምርት ናቸው፤ አንድ ዓይነት ወይን፣ በአንድ ቀን የተለቀመ፣ በአንድ መጭመቂያ የተጨመቀ። የማሳው ስፋት ከዳር እስከ ዳር መቶ ሜትር አይሞላም። «ቅመሺና ንገሪኝ» አሏት።

ኤልፍነሽ ስለ ወይን ጠጅ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ለበዓል ጠጅ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ያለፈ የለም። የምዕራቡን ስትቀምስ ምላሷን ቆንጠጥ አደረጋት፤ ስለታም፣ ቀላል፣ ያልበሰለ ፖም ዓይነት ሽታ ያለው ነው። የምሥራቁ ይከብዳል፣ ጣዕሙ ይደነዝዛል፣ ወደ ኋላ ላይ የረጠበ ቅጠል ይሸታል።

«የተለያዩ ናቸው» አለች።

«መለያየታቸውን አውቃለሁ። ለምን?»

ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጥቷቸዋል። አንዱ የጎረቤት ዛፍ ጥላ ነው ይላል፣ ሌላው ነፋሱ ነው ይላል። ኤልፍነሽ አላወቅሁም አለች። የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስትመለስ ግን ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ትራሙ መውረጃዋን ዴን ሃግ ሴንትራልን አልፎ ሌላኛው መጨረሻ ሌድስኸንዳም አደረሳት።

ዝዋይ ያለው ወንድሟ ዓለሙ በወይን እርሻ የቅርንጫፍ ገረዛ ይሠራል። በማግስቱ ደወለችለትና ስለ ሁለቱ ጠርሙሶች ነገረችው። ዓለሙ ስለ ጣዕሙ አያውቅም፤ የገረመው ሌላ ነገር ነው።

«እዚያ በበረዶ አገር ወይን ይበቅላል?»

«ይበቅላል። በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ እሱም ከተሳካ ነው።»

«እዚህ እኮ ሁለቴ ነው የምንለቅመው። ወይኑ ራሱ አይተኛም፤ ብርድ ስለሌለ እኛ ነን ቆርጠን የምናስተኛው። እነሱ ምን አግኝተው ነው የተከሉት?»

ይሄ ጥያቄ ለኤልፍነሽ ጠቀማት። ዝዋይ ውስጥ ሙቀት ሞልቷል፤ ገበሬው የሚቆጣጠረው ውሃን ነው። እዚህ ውሃ ሞልቷል፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ወይኑ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ፍሬውን ለማብሰል በቂ ሙቀት ማግኘት አለበት። እንግዲህ በመቶ ሜትር ውስጥ ያለው ልዩነት የሙቀት ልዩነት ይሆን እንዴ ብላ አሰበች። ሰማዩ አንድ ነው፤ ፀሐዩ አንድ ነው። የሚለየው መሬቱ ነው።

ሜነር ሌንደርት ብቻቸውን አልነበሩም። በዚያ ሰፈር ወይን የሚያለሙ አምስት ሰዎች ማኅበር አላቸው። ሊቀ መንበሯ ማርዮላይን የምትባል፣ የሃምሳ ዓመት ግድም ቀልጣፋ ሴት ናት። ማኅበሩ ወይን ጠጁ በሕግ የተጠበቀ የቦታ ስም እንዲያገኝ ሊያመለክት እየተዘጋጀ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ወይን ጠጅ የቦታውን ስም ይዞ እንዲሸጥና ሌላ ማንም በዚያ ስም እንዳይጠቀም ከተፈለገ፣ ጣዕሙ ከዚያ ቦታ አየርና አፈር የመጣ መሆኑን በጽሑፍ ማስረዳት ያስፈልጋል። ካርታ ላይም ድንበሩን ማስመር ግድ ነው። ከመስመሩ ውስጥ የበቀለ ስሙን ይይዛል፤ ከመስመሩ ውጭ ያለው አይይዝም።

ስለ አየሩ መጻፍ አልከበዳቸውም። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ከመሐል አገር ይልቅ ይበዛል፤ በልግ ላይ ውርጩ ይለዝባል፤ ነፋሱ ቅጠሉን ስለሚያደርቅ ሻጋታ ይቀንሳል። ስለ አፈሩ ግን የያዙት የመንግሥት ካርታ ብቻ ነበር፤ በእሱ ላይ ደግሞ የአምስቱም ማሳ አንድ ቢጫ ቀለም ነው።

በኅዳር በእሳቸው ቤት በተደረገው ስብሰባ ሜነር ሌንደርት፣ «የአፈር ባለሙያ አለችኝ፤ በየጠዋቱ ካልሲ ታለብሰኛለች» አሉ።

ኤልፍነሽ ቡናቸውን ልታቀርብላቸው እዚያው ቆማ ነበር። ማርዮላይን ፈገግ አለች፤ የሽማግሌ ቀልድ መስሏታል። ከዚያ ሳይስቁ እንደሚያዩዋት ስትመለከት ወደ ኤልፍነሽ ዞረች።

«እውነት ነው?»

«የአፈር ጥናት ቴክኒሺያን ነበርኩ። ስምንት ዓመት።»

«እዚህ አገር?»

«አይ፣ ኢትዮጵያ።»

«የእኛ አፈር ግን የተለየ ነው» አለች ማርዮላይን፣ በክፋት ሳይሆን።

«ለዚህ ነው ማየት የምፈልገው» አለች ኤልፍነሽ።

ለእኔ ነገሩ የተገለጠልኝ ያኔ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ያለው ሰው እፈልጋለሁ አለችኝ። የወንበር ማመላለስ ነገር ይሆናል ብዬ ሄድኩ። የሰጠችኝ ረጅም የብረት መሰርሰሪያ፣ ባልዲ፣ የፕላስቲክ ከረጢት እና በትንሽ ጠርሙስ የተያዘ አሲድ ነው። ዮሃናም ከአምስተርዳም መጥታለች። ዮሃና ኦስዶርፕ ውስጥ የተማሪ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ የምትማረው የኮምፒውተር ካርታ ሥራ ነው።

«ማሚ፣ ኤኽት፣ የእውነት በዚህ ብርድ?» አለች ዮሃና። «አፈሩ እስከ ማርት፣ ብርዱ እስኪያልፍ፣ አይጠብቅሽም?»

«አፈሩ ይጠብቃል። እኔ ግን ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ።»

እናቷ እንደዚያ ስትናገር ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፣ ዮሃና ጓንቷን አጠለቀች።

አሠራሩ ይሄ ነው። በየአሥር ሜትሩ መሰርሰሪያውን መሬት ላይ አቁመን እናዞራለን፤ አንድ ሜትር ከሃያ እስኪደርስ ድረስ ቁርጥ ቁርጥ እያደረግን እናወጣለን። ኤልፍነሽ የወጣውን በቅደም ተከተል መሬት ላይ ትደረድረዋለች፤ ትነካዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ቀለሙን ታያለች፣ አሲድ ጠብ ታደርግበታለች። ዮሃና ቦታውን በስልኳ ትይዛለች። እኔ አዞራለሁ። እስከ ጥር መጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ በአምስቱም ማሳ ሃምሳ ሦስት ጉድጓድ ቆፈርን።

በባሕሩ በኩል ያሉት ጉድጓዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ነጣ ያለ የባሕር ዳር አሸዋ፣ ወደ ታች የተሰባበረ ዛጎል። አሲዱ ሲነካው እንደ ለስላሳ መጠጥ ፍስስ ይላል፤ ዛጎሉ ኖራ ስላለው ነው። የመጀመሪያውን ስናይ ዮሃና ተንበርክካ ጆሮዋን አስጠጋች። «ይሰማል» አለች።

አሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ በሜነር ሌንደርት ማሳ ላይ፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ምሥራቅ ነው። ከላይ ያው አሸዋ ነው። አርባ ሳንቲሜትር ላይ ስንደርስ መሰርሰሪያው ከበደኝ። ያወጣሁት ግራጫ፣ የሚያዳልጥ ሸክላ ነው። ከሥሩ ደግሞ ጥቁር፣ እንደ ስፖንጅ ውሃ ያዘለ፣ የበሰበሰ የቄጠማ ሥር ያለበት አፈር መጣ። አሲዱን ስታፈስበት ምንም ድምፅ የለም። ኤልፍነሽ አሸዋው ከሸክላው የሚገናኝበትን ቦታ በቢላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ይሄ አሸዋ ራሱ አልመጣም» አለች።

«ማለት?»

«ነፋስ ያመጣው አሸዋ ከታች ካለው ጋር እየተቀላቀለ ነው የሚያርፈው። ይሄ በቢላዋ እንደ ተቆረጠ ቂጣ ነው። ሰው ነው የደፋው።»

ቀጥሎ ያሉት ጉድጓዶችም እንደዚያው ሆኑ። የሜነር ሌንደርት ማሳ ግማሽ ያህሉ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው የሌላው የማኅበሩ አባል የኬስ ማሳ ደግሞ ሙሉ በሙሉ፣ አሸዋ የለበሰ ረግረግ ነበር። ከላይ ሲያዩት ከሌላው አይለይም።

የካቲት ላይ ኤልፍነሽ አንድ ተጨማሪ ነገር አደረገች። በሁለቱም በኩል ሃያ ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ ቴርሞሜትር ቀበረች። ጠዋት ወደ ሥራ ስትመጣ፣ ካልሲውን ከማልበሷ በፊት ሁለቱንም እያየች ትጽፋለች። መጋቢት ሲገባ የአሸዋው ወገን ከረግረጉ ወገን ሁለት ዲግሪ ያህል ቀድሞ መሞቅ ጀመረ። የጣዕሙ መልስ ያኔ ተገጣጠመላት። አሸዋ ውሃ አይዝም፤ ስለዚህ ቶሎ ይሞቃል፣ ወይኑም ቶሎ ይነቃል፤ በበጋ ደግሞ ውሃ ስለሚያጥረው ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ወደ ፍሬው ይዞራል። ረግረግ ላይ ያለው ውሃ እንደ ልቡ ነው፤ ዘግይቶ ይነሳል፣ ቅጠል ያበዛል፣ ፍሬው በቅጠል ጥላ ውስጥ ረጥቦ ይቆያል።

«ስለዚህ ያ ስለታም ጣዕም የዛጎሉ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት መኪና ውስጥ።

«ሰው እንደዚያ ይላል። ወይኑ ግን ዛጎል አይበላም፤ እኔ በማስረጃ የማውቀው ውሃና ሙቀቱን ነው። ስለ ዛጎሉ አላውቅም ብዬ ነው የምጽፈው።»

ያወቀችውን ለሜነር ሌንደርት ግን አልነገረቻቸውም። በየጠዋቱ «ደረስሽበት?» ይሏታል፤ እሷ «ገና ነው» ትላለች። የምሥራቁን ማሳ አባታቸው እንዳቀኑት፣ «ይሄ የባሕር አሸዋ ነው» እያሉ ይኮሩበት እንደነበር ደጋግመው ነግረዋታል። መስመሩ ጉድጓዱ እንዳሳየው ከተሰመረ ያ ወገን ከስሙ ውጭ ይሆናል። ዐቢይ ጾም ስለነበር ከሁለቱ ጠርሙስ ቅመሺ ሲሏትም ጾሙን ምክንያት እያደረገች አሽታ ብቻ ትመልስ ነበር። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ጾሙ ባይኖርም አትቀምስም ነበር፤ ዓይናቸውን ማየት ከብዷታል።

ሚያዝያ አሥራ አምስት ጠዋት ውርጭ ወረደ። ወይኑ አፍላ ቡቃያ አውጥቶ ነበር። ዜናውን ሬዲዮ ላይ ሰምታ፣ የዚያን ቀን ፈረቃዋ ባይሆንም፣ አድርሰኝ አለችኝ። ስንደርስ ሜነር ሌንደርት የማታ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ በመስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ብርድ ልብስ ደርበንላቸው በወንበራቸው ገፍተን ወጣን። በባሕሩ በኩል ያለው ቡቃያ ጫፍ ጫፉ ቢነካም አረንጓዴ ነው። ከመሐል አልፈን ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ግን ቡቃያው እንደ ተቀቀለ ሰላጣ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ልዩነቱ የሚጀምርበት ተራ ከአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ አራት እርምጃ አይርቅም።

ሜነር ሌንደርት ረጅም ጊዜ አዩት። «አሁን ንገሪኝ» አሉ።

ነገረቻቸው። አሸዋው አርባ ሳንቲሜትር ብቻ መሆኑን፣ ሰው የደፋው መሆኑን፣ ከሥሩ ረግረግ መኖሩን፣ ረግረግ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ ስለማያስገባ በእሱ ላይ ያለው አየር በውርጭ ጊዜ ይበልጥ እንደሚቀዘቅዝ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እኔ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«መቼ አወቅሽ?»

«ጥር ላይ።»

«ሦስት ወር ሙሉ ካልሲ እያለበስሽኝ ዝም አልሽ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዴት እንደምነግርዎ አላወቅሁም።»

«ጉድጓዱን አሳዪኝ።»

አዲስ ጉድጓድ ሰረሰርን። ጥቁሩን አፈር እጃቸው ላይ አደረገችላቸው። አሸተቱት። ከዚያ እናታቸው ያወሩላቸው የነበረ ነገር ትዝ አላቸው፤ እሳቸው ሳይወለዱ በፊት አባታቸው ሁለት ክረምት ሙሉ በጀልባ አሸዋ ሲያመላልሱ፣ ከትከሻቸው ቆዳ ይነሳ ነበር ይሉ ነበር። ሜነር ሌንደርት አሸዋው ለመስታወት ቤቶቹ መሠረት የመጣ ይመስላቸው ነበር።

«እንግዲህ አባቴ ይሄን መሬት ፈጥረውታል» አሉ። «ዋሹ ልበል ወይስ ሠሩ?»

ኤልፍነሽ ጣቷን አሸዋው ላይ አሳረፈች። «ሠርተዋል። ግን ይሄ የባሕሩ ሥራ አይደለም። ማመልከቻው የሚጠይቀው ስለ ባሕሩ ሥራ ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አፈሩንም ሳያራግፉ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

ስብሰባው ግንቦት ላይ፣ በማርዮላይን ቤት ሆነ። ዮሃና የሠራችው ካርታ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ታየ፤ ሃምሳ ሦስት ነጥብ፣ ቢጫና ግራጫ። ማርዮላይን ካርታውን አመሰገነች። ሆኖም የእሷ ሐሳብ ድንበሩ በመኪና መንገዱ ላይ እንዲሆን ነው፤ እንደዚያ ከሆነ አምስቱም ውስጥ ይገባሉ።

«ከላይ ሁሉም አሸዋ ነው» አለች። «ማንም መጥቶ አንድ ሜትር አይቆፍርም።»

«ወይኑ ይቆፍራል» አለች ኤልፍነሽ። በደች ቋንቋ በስብሰባ ላይ ይህን ያህል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። «ሥሩ ሁለተኛው ዓመት ላይ አርባ ሳንቲሜትር ያልፋል። መንገዱን የሠራው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ስለ ወይኑ ምንም አያውቅም። መስመሩን የት እንደምታሰምሩ የእናንተ ውሳኔ ነው። እኔ የጻፍኩትን ጉድጓድ ግን አልቀይርም። ስሜ ካለበት እንደዚህ ነው የሚሄደው።»

ኬስ ተነሳ። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ የስልሳ ዓመት ሰው ነው። «ማሳዬን በሙሉ ማውጣትሽ ነው» አላት።

«አፈሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«የምትረጂው ሰውዬስ? የእሱስ ግማሽ?»

ሁሉም ወደ ሜነር ሌንደርት ዞረ። እሳቸው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያዞሩ ነበር። «የእኔ ግማሽ ይውጣ» አሉ። «ዘጠኝ ዓመት ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ኖሬ መልሱን ካገኘሁ በኋላ ብደብቀው ሞኝ ነኝ።»

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለሁለት ሆነ። ማርዮላይን ራሷ በመጨረሻ ጉድጓዶቹ ላሳዩት መስመር እጇን አወጣች። ኬስ ኮቱን ይዞ ሳይሰናበት ወጣ። ሁለተኛው ተቃዋሚ ቆየ፤ ግን ኤልፍነሽን አልጨበጣትም። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ካርታው የምትደሰት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ስለ ኬስ ነበር የምታወራው። «መሬቱ መጥፎ አይደለም እኮ» ትላለች። «ሌላ መሬት ነው እንጂ። መጥፎ ነው አላልኩም።»

ማመልከቻው በዚያ በጋ ገባ። በመስከረም 2018 ማመልከቻውን የሚያጣራ አንድ የመንግሥት መርማሪ መጣ፤ ዝምተኛ ወጣት ሰው። ካርታውን ዘርግቶ ራሱ በመረጣቸው ስድስት ቦታዎች ሰረሰረ። ኤልፍነሽ ጥቂት ራቅ ብላ ቆማ ትጠብቃለች። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ጠራትና፣ ይሄን የሸክላ ድርብ ቀለም ምን ብለሽ ነው የመዘገብሽው አላት። ነገረችው። ተስማማ። ሲሄድ ከማኅበሩ ሰዎች ሁሉ በፊት እሷን ነው የጨበጣት። ውሳኔው እስካሁን አልመጣም። ተቃውሞ ያለው የሚያቀርብበት ጊዜ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ብራስልስ ወዳለው የአውሮፓ ኅብረት ይሄዳል አሉ፤ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

ሜነር ሌንደርት ባለፈው ክረምት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አሁን ቭላርዲንገን ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ናቸው። ኤልፍነሽ ሰኞ ሰኞ በራሷ ጊዜ ትጠይቃቸዋለች። ማሳውን የእህታቸው ልጅ ነው የሚያለማው። የምዕራቡን ለማኅበሩ ይሰጣል፤ የምሥራቁን ለብቻው ጨምቆ ያለ ቦታ ስም ለጎረቤት ይሸጣል። አንዳንድ ሰው እሱን እንደሚመርጥ ሲነግሯት ሽማግሌው ይስቃሉ።

እሷ የእንክብካቤ ሥራዋን አልተወችም። በሳምንት አንድ ቀን ቀንሳ ግን ከዜላንድ የጠሯት ሌሎች ወይን አልሚዎች ዘንድ ጉድጓድ ለመቆፈር ትሄዳለች። ባለፈው ዓመት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድን ወጣት እናቱ አገር ቤት ምን ትሠራ እንደነበር ስትጠይቀው ሰማኋት። አሁን ሰው ሁሉ ላይ ይሄን ጥያቄ ታነሳለች።

ኬስ ዓመት ተኩል አላናገራትም። በዚህ ዓመት ጥር ላይ ስልኳ ጮኸ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

«ኬስ ነኝ። ወይኑን እየነቀልኩ ነው» አላት። «ምን ልትከል ብዬ አስቤ ነበር። ከረግረጉ በታች ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። መሰርሰሪያዬ አንድ ሜትር ከሃያ ብቻ ነው።»

«እኔ ረጅም አለኝ።»

ቅዳሜ ሄድን። የኬስ መሰርሰሪያ ሦስት ሜትር ነው፤ እሱና እኔ እየተቀያየርን አዞርን። አሸዋው አለቀ፣ ሸክላው አለቀ፣ ጥቁሩ ረግረግ ማለቂያ ያጣ መሰለ። ሁለት ሜትር ከስልሳ ላይ ብረቱ ሸረሸር የሚል ድምፅ አሰማ። ያወጣነው ሰማያዊ ግራጫ አሸዋ ነበር፤ በውስጡ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ሁለት ክንፉ ያልተለያየ ዛጎል አለ። ኤልፍነሽ አሲዱን ጠብ አደረገችበት። ፍስስ አለ።

ኬስ ወደ እሷ ዞረ። «እንግዲያው እኔም ባሕር ነበርኩ።»

«ነበሩ» አለች። «ወይኑ ግን እዚህ ድረስ አይወርድም፤ ሥሩ ውሃው ውስጥ ይሰምጣል። መስመሩን አይለውጠውም።»

«አውቃለሁ። ለመስመሩ አይደለም የጠራሁሽ።»

ዛጎሉን ተቀብሏት በሱሪው አብሶ በፀሐይ በኩል አየው። ኤልፍነሽ ደብተሯን አውጥታ ቁጥር ሃምሳ አራት ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ከሚቀጥለው ጉድጓድ ላይ እስክንደርስ ስንት እርምጃ እንደሆነ እንድቆጥርላት ነገረችኝ።